ታንኳ ያልወጣለት ሰው

ቺሊ ከጀርመን ጋር የተጫወተች ዕለት እናቴ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ዛጎል ልትለቅም ወደ ባሕሩ ዳር ስትወርድ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የመልእክት ሰዓት እስኪደርስ ሬዲዮውን እንዳትነኪ። ድንጋዩ ያልቃል።» ቀጥላ ወደ አያቴ ዞረች። «እርሶም ጭምር አባባ! ስለ ኳስ አንድ ቃል እንዳልሰማ!»

አያቴ ዶን ቤላርሚኖ፣ የእናቴ አባት፣ ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጋደም ብለው፣ ፖንቾ የሚባለውን የሱፍ ካባቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ማንኮራፋት ሁሉ ጀምረዋል። እናቴ አጥሩን አልፋ ቁልቁል ስትሰወር አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ልጅ! ክፈቺው እንጂ!»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ 1974፣ ወሩ ሰኔ፣ ክረምቱ የጠነከረበት ጊዜ። ደሴታችን ኬልዌ መብራት የላት፣ ስልክ የላት፣ ጀልባ የሚጠጋበት ወደብ የላት። ያለን ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ያለ ባትሪ ድንጋይ አይናገር፤ ድንጋዩ የሚመጣው ከካስትሮ ከተማ፣ እሱም ዓርብ ዓርብ በላንቻ፣ በመንገደኛው ሞተር ጀልባ፣ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ድንጋይ ከዱቄት በላይ ይከበር ነበር።

የካስትሮው ጣቢያ ማታ ማታ የሰው መልእክት ያነባል፣ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ይደግመዋል። «ለወይዘሮ እገሊት፦ ልጅሽ ተገላግላለች፣ ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።» «ለዶን እገሌ፦ በሬው ተሸጧል፤ ጨው በላንቻው ልኬልሃለሁ፣ ወርደህ ተቀበል።» የአንዱን ቤት ወሬ አገር ምድሩ ይሰማዋል፤ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረንም። ላንቻው ጥልቁ ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። መልእክቱ የደረሰው ቤት በታንኳ ቀዝፎ ወጥቶ ሰውየውን ያመጣል። ታንኳ ካልወጣ ላንቻው መንገዱን ይቀጥላል። ለሌላ ቤት እንግዳ ታንኳ የሚያወጣ ጎረቤት ደግሞ የለም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታችን ዶኛ ኤርሲራ መጥታ ነበር። ዶኛ ኤርሲራ ስትመጣ ድምፅዋ ነው ቀድሟት የሚገባው። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ በሹክሹክታ ታወራለች። እኔ ድንች እያጠብኩ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ትወጫለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«ስሚኝ ኦርፌሊና፣ ብትወጪም ባትወጪም ማንም አፉን አይከፍትብሽም። ባሌም እንደዚሁ ነው ያለው። ታንኳው ያንቺ ነው።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ ደጋግማ፣ ደርቆ ሳለ። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉላትም ነበር። ያለፈው ክረምት የድንች ጎተራው ደረጃ አዳልጧት ነው ተብዬ፣ ያን ደረጃ ለብዙ ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ። ደረጃው ምንም አላጠፋም።

እኔ የገባኝ ስለ አየሩ የሚያወሩ መሆኑ ነው። የሰሜን ነፋስ ተነስቷል፣ ታንኳ ይዞ መውጣት ያሰጋል፣ ሬዲዮውም ይህንኑ ብሏል። በቃ። ድንቼን ማጠብ ቀጠልኩ።

ሬዲዮውን ስከፍተው ዜና ላይ ነበር። የሰዓት እላፊው መቼ እንደሚጀምር፣ የዳቦ ዋጋ፣ አንድ ባለሥልጣን ስለ ሥርዓትና ስለ ጽዳት ያደረገው ንግግር። አያቴ መለዮ የለበሰ ሰው ድምፅ በሰሙ ቁጥር ምድጃው ላይ እንትፍ ይላሉ፤ ትፋታቸው ጭስስ ይላል።

«ይሄን ተይው። ኳሱ የት አለ?»

ከዚያ ጨዋታው ያለባት በርሊን መጣች። የሕዝቡ ጩኸት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰማ ነበር። አያቴ ስታዲየም የሚባል ነገር በዕድሜያቸው አላዩም፤ ኳስ ሜዳ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለውን ሣር ነው፣ እሱም ላይ በግ ይግጥበታል። ግን ያጠብኩትን ድንች ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ነጩ ድንች ጀርመን፣ ወይን ጠጁ ድንች እኛ። ሬዲዮው «ወደ ቀኝ!» ሲል ወይን ጠጁን ወደ ቀኝ ይገፋሉ።

«እሱ ወፍራሙ ነው ያሳለፈው አይደል?»

«ወፍራም ነው አላለም አባባ።»

«አላለም፤ ግን በአነጋገሩ ያስታውቃል።»

ጀርመኖቹ ከሩቅ መትተው አገቡ። አያቴ አንዱን ነጭ ድንች አንስተው ምድጃው ውስጥ ወረወሩት፣ ጀርመን አንድ ሰው የጎደለባት ይመስል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከአያቴ ጋር የሳቅኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም፤ በኋላ ያሳቀኝን ሁሉ እንደ ወንጀል ቆጠርኩት እንጂ።

ከእረፍት በኋላ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ድምፅ ይሰልል ጀመር። መጀመሪያ ከጓዳ ሆኖ የሚናገር መሰለ፣ ከዚያ ከአጥር ውጭ።

«ምን ሆነ?» አሉ አያቴ። «ይሄን ድንጋይ ባለፈው ዓርብ አይደል እንዴ ያመጣነው? ያ ሌባ ነጋዴ! ያለቀ ድንጋይ ሸጠልን!»

ድንጋዮቹን አወጡና የምድጃው በር ላይ ደርድረው አሞቋቸው። አንዱን በጥርሳቸው ነከሱት፤ የቀራቸው ጥርስ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ስንመልሳቸው ሬዲዮው ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ዘራ። ሰውየው እየጮኸ ነበር። ዳኛው እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቀይ ካርድ አወጣ፣ የእኛ ልጅ ከሜዳ…

ጭጭ።

«ማንን ነው?» አሉ አያቴ። ሬዲዮውን ነቀነቁት። ጀርባውን መቱት። «ማንን ነው ያስወጣው? ንገረኝ እንጂ አንተ ከንቱ!»

ሬዲዮው ሞቶ ቀረ። እኔ ያኔ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ።

«አባባ፣ መልእክቱስ?»

«የምን መልእክት?»

«ከአባዬ ቢመጣስ?»

አባቴ ኤሊየሴር በአርጀንቲና በጎች ይሸልት ነበር። በጸደይ ይሄዳል፣ በመኸር ይመለሳል። ያን ዓመት መኸሩ አልፎ ክረምቱ ገብቶ አልመጣም ነበር። እኔ አባቴን እወደው ነበር፤ ይህን ዛሬም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። እሱ ሲመጣ ቤቱ ይደምቃል። አኮርዲዮኑን ከትልቁ ጥቁር ሣጥን ያወጣል፣ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኛል፣ የወተት ከረሜላ ከኪሱ አያልቅም። እሱ ቤት ሲሆን አያቴ አልጋቸውን ወደ ማዕድ ቤቱ ያወጡና ከእናቴ በር አጠገብ ይተኛሉ፤ መጥረቢያቸውን ከአጠገባቸው አያርቁም። ለምንድን ነው ስላቸው «ለቀበሮ ነው» ይሉኛል። ኬልዌ ላይ ቀበሮ የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ልጅ ሆኜ ይህ አልታየኝም።

አያቴ ጥያቄዬን እንደሰሙ ፊታቸው ጠቆር አለ። በኳሱ የተናደዱ መሰለኝ።

«አባትሽ መምጣት ከፈለገ ዋኝቶም ይመጣል» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ስሚ። እናትሽ ስትጠይቅሽ፣ ለእኛ ምንም አልነበረም በያት። ምን ውሸት አለው? ለእኛ መልእክት የሚልከው ማን ነው?»

እናቴ ከባሕሩ ዳር ስትመለስ ቅርጫቷ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሬዲዮውን አየችው። አልጠየቀችኝም! እጇንና ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን ፈትታ አበጠረች፣ ለቅዳሴ የምታደርገውን ሻል ለበሰች። ከዚያ ያለ ምንም ቃል ተመልሳ ወጣች። ተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። አቤት ሞኝነቴ!

ጡሩንባው የተሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። ካፊያ ነበር። ቁልቁል ሮጥኩ። እናቴ ታንኳችን አጠገብ ቆማለች፤ መቅዘፊያዎቹ ገብተዋል፣ የታንኳው ግማሽ ውኃ ውስጥ ነው። ላንቻው ጥልቁ ላይ ቆሞ ይዋልላል። ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ወጥቷል። ዶኛ ኤርሲራ እጇን አጣጥፋ፣ ባሏ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ላንቻ ሲመጣ መጮህ፣ መሳደብ፣ መሳሳቅ ያለ ነው። ያን ቀን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። የሚያዩትም ባሕሩን አልነበረም። የሚያዩት እናቴን ነበር።

«እማ፣ እየጠሩ ነው።»

«እሰማለሁ።»

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

እናቴ በሁለት እጇ የታንኳውን ጠርዝ ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ሊገፋ እንደተዘጋጀ ሰው። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን በትክክል ዓይን ለዓይን ያየችኝ ያኔ ነው።

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ። «መልእክቱን ሰምተሻል?»

የዚያችን ልጅ አፍ በእጄ ይዤ ብዘጋው ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ መሰላችሁ። ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ድንጋዩን ጨርሻለሁ፣ ልመታ ነው፣ አያቴም ሊሰደቡ ነው።

«ሰምቻለሁ። ለእኛ የሚሆን አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በናዝራዊው!»

በናዝራዊው ኢየሱስ መማል በቤታችን ክልክል ነበር። እንደዚያ ስል አፌ ላይ በጥፊ መመታት ነበረብኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችኝም። እጇ ከታንኳው ላይ ተላቀቀ።

«እንግዲህ ለእኛ ካልሆነ ለእኛ አይደለም» አለች።

ጡሩንባው እንደገና ተነፋ፤ በዚህኛው ረዘም አለ። ያኔ ከላንቻው የኋላ ጫፍ አንድ ሰው ተነስቶ ቆመ። በካፊያው ውስጥ ፊቱ አይለይም። አጠገቡ ግን ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነበር። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። አላውለበለበም፣ አልተጣራም። ዝም ብሎ ወደ ዳር አየ፣ አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን መልሶ አደረገና ተቀመጠ። ላንቻው አፍንጫውን ወደ ደቡብ አዞረ።

ጥቁር ሣጥን ያለው ሰው ብዙ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናቴ እርጥቡ ጠጠር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፣ በቅዳሴ ሻሏ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። በርዷት መሰለኝ። ዶኛ ኤርሲራ ስትሮጥ መጥታ የራሷን ሻል ደረበችላት፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ያዘችላት። «በቃ እህቴ። በቃ። አለፈ።» ነፋሱ ማለቷ ነው ብዬ ወደ ሰማይ አየሁ። ነፋሱ አላለፈም ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤት የዶኛ ኤርሲራ ልጅ ኔልሰን ነው ያፈነዳው። በእርሳስ ተጣልተን ነበር። «ዝም በይ አንቺ! አባትሽ እኮ ታንኳ አጥቶ እስከ ኬዮን ከተማ ነው ያለፈው!» መምህሯ ጆሮውን ይዛ አስወጣችው። እኔ ደብተሬ ላይ ተደፋሁ። ያ ሰውዬ አባቴ ነበር። መልእክት ልኳል፣ ጠብቁኝ ብሏል፣ መልእክቱ በተነበበ ሰዓት ሬዲዮው ሞቷል፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። በዚያም ላይ በናዝራዊው ምያለሁ!

አባቴ ሁለተኛ አልመጣም። አልጻፈም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ በአርጀንቲና ሞቶ መቀበሩን የሰማነው በዚያው ሬዲዮ፣ በመልእክት ሰዓት ነው። እናቴ ሬዲዮውን ዘግታ አሳማዎቹን ልታበላ ወጣች። ልቧ ድንጋይ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትናገሪው፣ አልኩ ለራሴ።

እያደግኩ ስሄድ ነገሩ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ትልቅ ሴት ስሆን ነው የታንኳው ነገር የገባኝ። ጎረቤት ለሌላ ቤት እንግዳ ታንኳ የማያወጣው ለስንፍና አይደለም። ታንኳ ማውጣት የቤቱ መልስ ነው። ታንኳ ከወጣ፣ ና ማለት ነው፤ ካልወጣ፣ አትምጣ። በዚህ መሀል የሚገባ ሰው የለም፤ ኬልዌ ላይ ይህን የማያውቁ ሕፃናት ብቻ ናቸው። አባቴም ያውቅ ነበር። ኮፍያውን ያወለቀው ለዚያ ነው። እና እናቴ አትምጣ ያለችው መስሎት ሄደ፤ እሷ ግን ምንም አላለችም፣ ያለችው ልጁ ናት፣ ለዚያውም በኳስ ምክንያት። ይህን ሳስብ ምግብ አልበላ ይለኝ ነበር።

ካስትሮ ገብቼ ሥራ ስፈልግ የት እንደተቀጠርኩ ታውቃላችሁ? ሬዲዮ ጣቢያ። መልእክት አንባቢ። አለቃዬ እስኪሰለቸው ድረስ እያንዳንዱን መልእክት እየደጋገምኩ አነብ ነበር። «ኤዱሊያ፣ በእግዚአብሔር! ሰውየው ፍየሉ ወለደች ነው ያለው፣ ስንቴ ነው የምትወልደው?» ይለኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ግን የሆነ ደሴት ላይ አንዲት ልጅ ድንጋይ እያሞቀች ይሆናል እያልኩ፣ ካልደገምኩት አይወጣልኝም ነበር። ባል አላገባሁም። በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ግን የሚወደኝ ሰው ሲመጣ፣ እኔ የሰው ቤት ያፈረስኩ ሰው ነኝ የሚል ነገር ከውስጤ ይነሳና እሸሻለሁ።

አሁን ሁሉም ስልክ አለው። የመልእክቱን ፕሮግራም ዘጉት። ኬክ ቆረሱልኝ፣ አጨበጨቡልኝ። በማግስቱ ጀልባ ተሳፍሬ ኬልዌ ሄድኩ። ዛሬ ወደብ አለ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ነው የሚወርደው።

እናቴ እዚያው ማዕድ ቤት፣ እዚያው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ የባሕር ዛጎል በቢላዋ እየከፈተች ነበር። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሃያ ነው።

«እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ልትሞቺ ነው?»

«አይደለም!»

«ልታገቢ ነው?»

«እማ!»

«እንግዲያው አያስቸኩልም። ያን ሳህን አቀብይኝ።»

ሳህኑን አቀበልኳት፣ ተቀመጥኩ፣ ነገርኳት። የኳሱን፣ የድንጋዩን፣ አያቴ በጥርሳቸው የነከሱትን፣ ውሸቴን፣ መሐላዬን፣ ጥቁሩን ሣጥን። መሀል ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ እንደ ሕፃን። «አባዬ በእኔ ምክንያት ነው የሄደው። ይቅር በይኝ እማ።»

እናቴ አንድ ዛጎል ከፈተች፣ ሳህኑ ላይ ጣለችው። ሌላ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ድንጋዩ እኮ አዲስ ነበር» አለች።

«ምን?»

«በፊተኛው ዓርብ ያመጣነው ድንጋይ። ሐሙስ ማታ፣ እናንተ ተኝታችሁ፣ መልእክቱን ሰማሁት። ለወይዘሮ ኦርፌሊና፣ ኬልዌ ደሴት፦ ነገ በላንቻው እመጣለሁ፤ በታንኳ ተቀበሉኝ፤ ኤሊየሴር።» ቅዳሴ እንደሚያነበንብ ሰው ነው ያለችው፣ ሳትሳሳት። «አዲሱን ድንጋይ አወጣሁና ያለቀውን አሮጌውን ከተትኩበት። አዲሱ ድንጋይ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ስራመድ ጭኔን ይመታኝ ነበር።»

ተነሳሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያኔ ጮህኩ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን! እያየሽኝ! እኔ ነኝ ያባረርኩት እያልኩ ስቃጠል፣ አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ?»

«ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች አልኩ» አለች። «ሳይሽ አልረሳሽም። አንዴ ከተማ ለማማከር ሁሉ ሄጄ ነበር፣ ቄሱ ዘንድ። ንገሪያት አለኝ። ልነግርሽ እነሳለሁ፤ ከነገርኩሽ ለምን ትይኛለሽ። ለምን ካልሽኝ ይሄን ላሳይሽ ነው።» ሁለቱን የማይታጠፉ ጣቶቿን አነሳች። «ደረጃ አይደለም ኤዱሊያ። አባትሽ ነው፣ በምድጃው ብረት። አንቺ ደግሞ አባዬ አባዬ ስትይ… ያለሽ ትዝታ እሱ ብቻ ነበር። አልነካብሽም ብዬ ነው። ደግሞም ፈራሁሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁሽ።»

ቁጣዬ አልበረደም። ጣቷን እያየሁ እንኳ አልበረደም፤ በዚያም አፍራለሁ። የጎረቤት ሁሉ ጸጥታ፣ የዶኛ ኤርሲራ ሹክሹክታ፣ የአያቴ መጥረቢያ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ።

«ካወቅሽ፣ ከወሰንሽ፣ ድንጋዩንም ካወጣሽ፣ ዳር ላይ ለምን ጠየቅሽኝ? መልእክቱን ሰምተሻል ብለሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ኃጢአቴ እሱ ነው» አለች። «ድንጋዩ አይደለም። ስለ ድንጋዩ ለእግዚአብሔር እመልስለታለሁ፣ አልፈራም። ግን ጡሩንባው ሲነፋ እጄ ታንኳው ላይ ነበር። ልገፋው ነበር። ያን ሁሉ አስቤ፣ ወስኜ፣ ልገፋው ነበር እኮ! ባሌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጡሩንባ ሲነፋ ነው የምወጣው። አትሂጂ የሚለኝ ሰው ፈለግኩ። አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሬዲዮው መሞቱን አውቃለሁ፤ እንደምትዋሺም አውቃለሁ። በአንቺ ውሸት ነው የዳንኩት። ከዚያ አንቺ ተሸከምሽው።»

ይህን ብላ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እናቴ ስታለቅስ መጀመሪያ ያየኋት ያኔ ነው። ወንበሩን አነሳሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ሌላ ነው።

«ግን ብሰማው ኖሮ…»

ሽርጧን ከፊቷ አነሳች። «ብትሰሚው ምን ታደርጊ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ደክማለች፣ አርጅታለች፣ የሚያጽናናት ነገር ብናገር ማን ይከሰኛል? ግን በዚያ ቤት ውሸት በቃኝ።

«አንቺ ባትወጪ እንኳ ብቻዬን ቀዝፌ አመጣው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ድንጋዩን ያወጣሁት ለዚያ ነው።»

ቢላዋዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔም ሌላ ቢላዋ አምጥቼ አገዝኳት። ዛጎሉን በዚያ በተጎዳ እጇ እንዴት ደግፋ እንደምትይዘው አየሁ። በዘመኔ ሁሉ አይቼው አላውቅም ነበር። ሬዲዮውን አልገደልኩም፣ አባቴን አላባረርኩም። ግን እናቴ በቤቷ ውስጥ ከገዛ ልጇ የተደበቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። አመጣው ነበር። እነዚያ ጣቶች በየቀኑ ዓይኔ ሥር እያሉ፣ እየዘፈንኩ ቀዝፌ አመጣላት ነበር።